ራምፕ አለ፣ ከዚያስ?

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጀሞ ተነስተን ሙዚየም ልናይ ወጣን። ሦስት ነን። እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና ጓደኛው። ወንድሜ ከመኪና አደጋ በኋላ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው፣ 6 ዓመት ሆነው። ጓደኛው ዓይነ ስውር ነው። ሰበታ ካለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምሮ አሁን እሱም አስተማሪ ሆኗል፣ እኛም «መምህር» ነው የምንለው። እንሂድ ብዬ የጎተጎትኳቸው እኔ ነኝ።

ከጀሞ መሀል ከተማ መድረስ ለማንም ቀላል አይደለም። በዊልቸር ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት ሚኒባሶች ወንበሩን አይተው አለፉን። ሦስተኛው ቆመ። ረዳቱ ወንበሩን አጥፎ ከኋላ ጫነው፣ ግን ለወንበሩም የአንድ ሰው ሂሳብ ጠየቀ። ከፈልን። ሜክሲኮ ወርደን ሌላ ታክሲ ያዝን፣ እዚያም ያው ሆነ። ሙዚየሙ በር ላይ ስንደርስ ከቤት ከወጣን ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

የሙዚየሙን ስም አልጠራም። ያየነው ነገር የአንድ ቤት ጥፋት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። በሩ ላይ ሦስት ደረጃ አለ፣ ከጎኑ በሲሚንቶ የተሠራ ራምፕ፣ ለዊልቸር የሚሆን ዘቅዛቃ መወጣጫ። ከሩቅ ሳየው ደስ አለኝ። ቀረብ ስንል ግን ራምፑ ከሁለት ሜትር አይበልጥም፣ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። ወንድሜ ብቻውን ሞከረ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥበት ደረሰ። በር ላይ ያሉት ጥበቃ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሮጠው መጡና «ቆይ ልጄ፣ እኔ ከኋላ ልያዝልህ» አሉት። እሳቸው ከኋላ እኔ ከጎን ሆነን ገፋነው።

ምድር ላይ ያለውን ክፍል አየን። ፎቁን ወንድሜ አላየም፣ መውጫው ደረጃ ብቻ ነው። እኔ ወጥቼ በስልኬ ፎቶ አንስቼ አሳየሁት። መምህር ደግሞ ከመስታወት ወደ መስታወት እየሄደ ጽሑፉን እኔ ሳነብለት ቆየ። አንድ ቦታ ላይ የድንጋይ ወፍጮ በገመድ ተከልሎ ተቀምጧል። ወፍጮ መሆኑን ስነግረው እጁን ዘረጋ። «አይነካም ወንድሜ» የሚል ድምፅ ከጀርባችን መጣ። መምህር «እሺ» አለና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ድረስ አላወጣውም።

40 ደቂቃ ነው የቆየነው። ስንወጣ ትኬት የምትቆርጠዋ ልጅ ከልቧ አዝና «እንደ እናንተ ያሉ ጎብኚዎች ብዙ ስለማይመጡ እኮ ነው» አለችን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሕጎቹን እያገላበጥኩ ነው። ሕግ የለንም የሚል ሰው በየቦታው እሰማለሁ። አለን። እንዲያውም ብዙ አለን። ችግሩ ሕጎቻችን አካል ጉዳተኛውን በር ድረስ የሚያደርሱና በር ላይ የሚተዉ መሆናቸው ላይ ነው፣ ወይም እንደዚያ ተደርገው መነበባቸው ላይ።

ከላይ እንጀምር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅ ወይም አሳዳጊ ለሌላቸው ሕፃናት ድጋፍ እንደሚያደርግ ይላል። እዚያው አንቀጽ ላይ ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የታሪክና የባህል ቅርሶችን የመጠበቅ፣ ኪነ ጥበብንም የማስፋፋት ኃላፊነት እንዳለበት ያስቀምጣል። በመሀላቸው ሦስት ንዑስ አንቀጾች ብቻ ናቸው ያሉት። ግን አይገናኙም። አንዱ አካል ጉዳተኛውን እርዳታ የሚጠብቅ ሰው አድርጎ ያየዋል። ሌላው ቅርሱን ያየዋል። ቅርሱን ለማየት የመጣው ሰው አካል ጉዳተኛ ሊሆን እንደሚችል ሁለቱም አያስቡም።

ቀጥሎ የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ መጣ፣ ቁጥር 624። አንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ ይኑረው አለ። መፀዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም በቂ ቁጥር ያለው ለእነሱ የሚመች ይዘጋጅ አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ በየባንኩና በየሆስፒታሉ በር የምናያቸው ራምፖች በብዛት የዚህ ዓይነት ሕግ ልጆች ናቸው። ሕጉ ያነሳውን ግን ልብ በሉ። መግቢያና መፀዳጃ። ከመግቢያው በኋላ ስላለው ነገር ለሕጉ ሕንፃ ሕንፃ ነው፣ ባንክም ሆነ ሙዚየም አንድ ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2002 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቅን። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 30 ነው እኔን ቁጭ አድርጎ ያስነበበኝ። አካል ጉዳተኞች ከሌላው ሰው ጋር እኩል በባህል ሕይወት የመሳተፍ መብት አላቸው ይላል። ቦታዎቹን በስም ይጠራቸዋል፤ ቴአትር ቤት፣ ሙዚየም፣ ሲኒማ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የቱሪዝም አገልግሎት። ቀጥሎ ደግሞ የአካል ጉዳተኞች የራሳቸው የፈጠራና የጥበብ ችሎታ እንዲወጣ ዕድል ይሰጣቸው ይላል፣ ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡ እንዲበለጽግበት ጭምር። የምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ባህልም እውቅና ይገባዋል ይላል።

እንግዲህ ሁለት ሕግ አለን። አንዱ ስለ በሩ ነው። ሌላው ስለ ውስጡ። የበሩን ሕግ ግንባታ የሚፈቅደው ክፍል ያውቀዋል፣ ኢንጂነሩም ያውቀዋል፣ ፕላኑ ላይ ራምፕ ከሌለ ጥያቄ ይነሳል። የውስጡን ሕግ ማን ነው የሚያውቀው? ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ማን ነው አንቀጽ 30ን ይዞ መጥቶ «ይህንን ዓይነ ስውር እንዴት ነው የሚያየው?» ብሎ የሚጠይቅ? በእኔ ግምት ማንም። ለዚህም ነው የበሩ ሕግ እንኳ በግማሽ የሚፈጸመው። ራምፑ ለሰው ሳይሆን ለፕላኑ ነው የተሠራው። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ 1 ለ 12 ነው፣ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። የዚያ ሙዚየም ሦስት ደረጃዎች ከፍታ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ራምፑ 6 ሜትር መሆን ነበረበት። 2 ሜትር ነው። አንድ ሰው በዊልቸር ወጥቶ ቢሞክረው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይታወቅ ነበር።

ሌሎች አገሮች ከዚህ እንዴት ወጡ? እነሱም በአንድ ጊዜ አልወጡም፣ ይህን ማወቁ ያጽናናል።

አሜሪካ በ1973 እ.ኤ.አ. አንድ ሕግ አወጣች። ክፍል 504 የሚባለው ድንጋጌዋ አጭር ነበረች፤ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ማንኛውም ተቋም አካል ጉዳተኛን በአካል ጉዳቱ ምክንያት ማግለል አይችልም። ገንዘብ የሚያገኙ ሙዚየሞችም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ግን ማስፈጸሚያ ደንቡ 4 ዓመት ሙሉ ሳይፈረም ቆየ። ሕጉ አለ፣ የሚሠራ ግን የለም። ልክ እኛ የምናውቀው ዓይነት ነገር። በሚያዝያ 1977 እ.ኤ.አ. አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ ያለውን የመንግሥት ሕንፃ ገብተው አንወጣም አሉ። ከሦስት ሳምንት በላይ እዚያው አደሩ፣ መድኃኒታቸውንና ረዳታቸውን ትተው የገቡም ነበሩባቸው። ደንቡ በዚያው ወር መጨረሻ ተፈረመ። በ1990 የወጣው ሰፊው ሕግ ደግሞ ሙዚየምን፣ ቤተ መጻሕፍትንና ጋለሪን በስማቸው ጠርቶ አስገባቸው፣ ቀንም ቆረጠላቸው። ከጥር 26 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. በኋላ ሥራ የሚጀምር አዲስ ሕንፃ ከመጀመሪያው ተደራሽ ሆኖ መሠራት አለበት። አሮጌው ደግሞ ያለ ብዙ ችግርና ወጪ ሊነሳ የሚችለውን እንቅፋት ያንሳ ተባለ።

የሚገርመው፣ ይህችው አሜሪካ እኛ ያጸደቅነውን ስምምነት አላጸደቀችም። በ2012 እ.ኤ.አ. ለምክር ቤታቸው ቀርቦ የሚያስፈልገውን ድምፅ ሳያገኝ ቀረ። ወረቀቱ እኛ ጋ አለ፣ እነሱ ጋ የለም። ራምፑ ግን እነሱ ጋ በልኩ ነው። ምክንያቱም እነሱ ጋ ያልተሠራለት ሰው ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ሙዚየሙም ይህንን ያውቃል።

የእንግሊዝ መንገድ ለእኛ የበለጠ የሚጠቅም ይመስለኛል። ሕጉ የወጣው በ1995 ነው። ሕንፃን የማስተካከል ግዴታው ግን ተፈጻሚ የሆነው ከጥቅምት 1 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። 9 ዓመት ማዘጋጃ። ሙዚየሞች በዚያ ጊዜ ውስጥ ገንዘብ ፈለጉ፣ ፕላን አወጡ፣ ሊፍት አስገቡ። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር እዚያ ሕግ ውስጥ ወድጄዋለሁ። ግዴታው አስቀድሞ ማሰብን ይጨምራል። አካል ጉዳተኛው በር ላይ እስኪቆም አትጠብቅ፣ ይመጣል ብለህ ተዘጋጅ ነው የሚለው። ያቺ ትኬት ቆራጭ «ብዙ አይመጡም» ያለችው ለዚህ ነው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለው። የማይመጡት ስለማይገቡ ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራችን አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተቆጠረው ከመቶ አንድ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በዓለም ላይ ከመቶ 16ቱ ሰው ከበድ ያለ የአካል ጉዳት አለበት ይላል። ልዩነቱ ኢትዮጵያውያን ጤነኞች ስለሆንን አይደለም። ቤት ውስጥ የቀረ ሰው አይቆጠርም፣ ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ ራምፕ አይሠራለትም።

አሁን ወደ ትንንሾቹ ቃላት ልመለስ። ሕግ ውስጥ ዋናው ቁም ነገር ያለው ትልልቆቹ ቃላት ላይ ይመስለን ነበር፣ መብት፣ እኩልነት፣ ተሳትፎ የሚሉት ላይ። እኔ አሁን የማምነው ትንንሾቹን ነው። ሕገ መንግሥታችን «አቅም በፈቀደ መጠን» ይላል። የአሜሪካው «ያለ ብዙ ችግርና ወጪ» ይላል። የእንግሊዙ «ምክንያታዊ ማስተካከያ» ይላል። ሁሉም ማምለጫ አላቸው። ልዩነቱ ማምለጫውን ማን ያስረዳል የሚለው ላይ ነው። እዚያ ሙዚየሙ ነው አቅም የለኝም ብሎ የሚያስረዳው። እኛ ጋ ማንም አይጠየቅም፣ ስለዚህ ማንም አያስረዳም።

አንቀጽ 30 ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። «በተቻለ መጠን» የሚል ሐረግ አለበት፣ ግን ለሁሉም አይደለም። የሚሠራው ለሐውልቶችና ለታሪካዊ ቦታዎች ብቻ ነው። ለሙዚየም፣ ለቴአትር ቤት፣ ለቤተ መጻሕፍት «በተቻለ መጠን» አልተባለም። እንዲከፈቱ ነው የተባለው። ይህ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፣ አይደለም። የላሊበላን የድንጋይ መተላለፊያ ማስፋት አይቻልም፣ ማንም አስፉት አይልም። ሙዚየም ግን ዕቃን ለሰው ለማሳየት ተብሎ የተዘጋጀ ቤት ነው። ዋና ሥራው ማሳየት የሆነ ቤት ለአንዳንዱ ሰው አላሳይም ካለ ሥራውን አልሠራም።

እርግጥ አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ ይደባለቃል። ብዙዎቹ ሙዚየሞቻችን ራሳቸው ቅርስ የሆኑ ቤቶች ውስጥ ናቸው። ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አስቡ። የድሮው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ከፊት ለፊቱ ጣልያኖች በወረራው ጊዜ ያቆሙት ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ፣ ለሙሶሊኒ ሥልጣን ዓመታት አንድ አንድ፣ አናቱ ላይ በኋላ የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠበት። እዚያ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ማንሳትም ሆነ ግድግዳ መብሳት ቀልድ አይደለም። ይገባኛል።

ግን ለዚህም መልስ ያገኙ አሉ። የአቴንስን አክሮፖሊስ ተመልከቱ፣ ዓለት አናት ላይ የተሠራ ጥንታዊ ቦታ። አይቻልም ከሚባሉት ሁሉ የመጀመሪያው መሆን የነበረበት ነው። በ2004 ከተማዋ ፓራሊምፒክ ስታዘጋጅ ለዊልቸር የሚሆን ሊፍት ተገጠመ፣ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ በተሻለ ተተካ። ፎቁ ጨርሶ የማይደረስ ሲሆንም የአሜሪካው ደንብ ለታሪካዊ ቤቶች ሌላ መንገድ ይሰጣል፤ መድረስ የማይቻለውን ክፍል በቪዲዮና በድምፅ ታች አምጥቶ ማሳየት። እኔ ለወንድሜ በስልኬ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። አንድ ስክሪን፣ አንድ በደንብ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ታች ጥግ ላይ። ቅርስ አይነካም፣ ግድግዳ አይበሳም።

ስለ መንካት ላውራ፣ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ ያልወጣው የመምህር እጅ ነው።

ጣልያን ውስጥ አንኮና የምትባል ከተማ አለች። አልዶ ግራሲኒና ዳኒኤላ ቦቴጎኒ የሚባሉ ዓይነ ስውር ባልና ሚስት ጉዞና ጥበብ ይወዳሉ፣ በሄዱበት ሙዚየም ሁሉ ግን አትንኩ ነው የሚባሉት። እና የሚነካ ሙዚየም ይከፈት ብለው ተነሱ። በ1993 እ.ኤ.አ. ኦሜሮ የተባለው ሙዚየም ተከፈተ፣ የታላላቅ ቅርጻ ቅርጾች ልክ ቅጂዎች፣ የሕንፃ ሞዴሎች፣ ሁሉም በእጅ የሚታይ። በ1999 እ.ኤ.አ. የጣልያን ምክር ቤት በሕግ የመንግሥት ሙዚየም አደረገው። ሕግ ሙዚየምን እንደሚቀይር ብዙ ሰምተናል። እዚህ ሁለት ጎብኚዎች የጀመሩት ነገር ነው ሕግ የሆነው።

እኛስ ምን እናስነካለን? ከሁሉ በፊት ድንቅነሽን እላለሁ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት፣ ቁመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም የማይዘል፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ የተገኘችው። ዋናውን አጥንት ማንም ይንካ አላልኩም፣ ዓይናማውም ጎብኚ የሚያየው ቅጂ ነው። ነገር ግን አጥንቶቿ በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሲቲ ስካን ተነስተዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የትከሻዋና የጉልበቷ 3ዲ ፋይሎች በኢትዮጵያ ፈቃድ ለሕዝብ በነፃ ተለቀዋል፣ ማንም አውርዶ እንዲያትማቸው። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች የትከሻዋን ስብራት አይተው ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው አሉ፣ ሌሎች አልተቀበሏቸውም። ክርክሩ ይቀጥል። ቁም ነገሩ ዓለም ሁሉ ቤቱ ሊያትመው የሚችለውን አጥንት የሰበታ ተማሪ አገሩ ሙዚየም ሄዶ መንካት አለመቻሉ ነው።

ብሬልም የራሱ ጣጣ አለው፣ እሱን የሚያውቁት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ እኛ በአንድ ፊደል የምንጽፈው ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ይይዛል። ስለዚህ የመስታወቱን ጽሑፍ እንዳለ ወደ ብሬል ልቀይር ያለ ሰው ጽሑፉ ከመስታወቱ በልጦበት ይቸገራል። አጠር አድርጎ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል፣ ዓይነ ስውር አንባቢ አጠገቡ ተቀምጦ። መምህር እንደሚለው ከብሬሉም በላይ የሚጠቅመው በደንብ የሚገልጽ ሰው ወይም በስልክ የሚደመጥ ድምፅ ነው። ብሬል የማያነቡ ዓይነ ስውራን ብዙ ናቸውና።

መስማት ለተሳናቸው ደግሞ አስጎብኚ አጥተን አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር የጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ተመራቂዎች አሉ። መስማት የተሳናቸው ባለሙያዎችም አሉ። አንዱን በወር አንድ ቅዳሜ ጠርቶ ማስጎብኘት የትኛውንም ሙዚየም አያከስርም።

እዚህ ላይ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፣ ከገዛ አጎቴም ሰምቼዋለሁ። «ልጄ፣ ሆስፒታሉ ሊፍት የለው፣ ትምህርት ቤቱ ራምፕ የለው፣ አንተ ስለ ሙዚየም ታወራለህ?» ብለውኛል። ጋሼ ያሉት እውነት አለው። ግን ወንድሜ ከአደጋው በኋላ ሐኪም ቤትና ቤት፣ ቤትና ሐኪም ቤት ሲመላለስ ኖሯል። ሰው ለሕክምና ብቻ ከቤት የሚወጣ ከሆነ በሽተኛ ሆኖ ይቀራል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዙን ሲተኩስ አይቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

እና ወጪው? ሊፍት ውድ ነው፣ አልክድም። የሚነካ ጠረጴዛ ግን ውድ አይደለም። የራምፑን ልክ ማስተካከል ውድ አይደለም፣ መጀመሪያውኑ በልኩ ቢሠራ ደግሞ ምንም ተጨማሪ አልነበረም። ለጥበቃዎችና ለአስጎብኚዎች የግማሽ ቀን ሥልጠና መስጠት ውድ አይደለም። ቅርብ ጊዜ ከተማችን ብዙ ባህላዊ ቦታ ከፍታለች፤ አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016። ሁሉም ስምምነቱ ከጸደቀ በኋላ የተከፈቱ ናቸው። ከእንግዲህ ለሚመጡት የአቅም ማምለጫው መሥራት የለበትም። ፕላኑ ገና ወረቀት ላይ እያለ ማስተካከል ከእርሳስ በላይ አያስወጣም።

አሁን ስለ እኛ ሰፈር። ሕጎቹ ሁሉ ስለ ሕንፃ ሲያወሩ የሚረሱት መንገዱን ነው። ለወንድሜ የሙዚየሙ በር የሚጀምረው ጀሞ ታክሲ ተራ ላይ ነው። እዚያ ካልተሳፈረ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ ቢከፈትለትም አይደርስበትም። ስምምነቱ ይህንን አልረሳም፣ አንቀጽ 9 ሕንፃን፣ መንገድንና ትራንስፖርትን አንድ ላይ ነው የሚያነሳው። እኛ ግን ለየብቻ ነው የያዝናቸው። ኮሪደር ልማቱ መሀል ከተማ ላይ የእግረኛ መንገዱን ሰፊ አድርጎታል፣ ወንድሜ ከታክሲ ከወረደ በኋላ ያለውን መንገድ ወዶታል። ከቤታችን እስከ ታክሲው ያለው ግን ኮብልስቶንና ቦይ ነው።

ስለዚህ ሌላም ነገር እያሰብኩ ነው። ለምን ሁልጊዜ እኛ ወደ መሀል እንሄዳለን? በእኛ በኩል፣ በዓለም ገና አድርጎ በቡታጅራ መንገድ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መልካ ቁንጡሬ አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ከባልጭት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የሠሩበት ቦታ ነው፣ ባልጭት ደግሞ መሣሪያው የሚሠራበት ጥቁር ድንጋይ መገኛ። የድንጋይ መሣሪያ እኮ ከመጀመሪያው ለእጅ የተሠራ ነገር ነው። በዓይን ብቻ ሲያዩት ግማሹ ይቀራል፤ ስለቱም፣ ክብደቱም፣ መዳፍ ላይ የሚገጥምበት ቦታም የሚታወቀው ሲይዙት ነው። ቅጂው ተሠርቶ ሰበታ ካለው፣ ድሮ መርሐ ዕውራን ይባል ከነበረው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ቢደርስ፣ ወይም ተማሪዎቹ በአንድ አውቶቡስ ወደዚያ ቢሄዱ ብላችሁ አስቡ። ቅርሱና ልጆቹ በአንድ አቅጣጫ ናቸው።

የሚጎድለን እንግዲህ ሕግ አይደለም። ቀንና ተጠያቂ ነው። እስከዚህ ዓመት ድረስ እያንዳንዱ የሕዝብ ሙዚየም ይህንን ያሟላ የሚል ቀን። ካላሟላ ደግሞ ወንድሜ አቤት የሚልበት፣ ስልክ የሚያነሳለት አንድ ቢሮ። እንግሊዞች 9 ዓመት ሰጡ። እኛ ስምምነቱን ካጸደቅን 9 ዓመት ካለፈ ቆይቷል። የትነበርሽ ንጉሴን የመሰለች፣ ዓይነ ስውር ሆና ሕግ ተምራ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘች ሴት ያፈራች አገር ይህንን የሚጽፍ ባለሙያ አላጣችም። ኤግዚቢሽኑ ሲታሰብ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ ነው የምለው፣ ሪባን ሲቆረጥ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አንድ 3ዲ ፕሪንተር ያለው ጓደኛዬን ለመንኩት። የድንቅነሽን የላይኛው ክንድ አጥንት አውርዶ አተመልኝ። ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ቀላል። እሑድ ከሰዓት ወንድሜንና መምህርን ቤት ቡና አስጠራኋቸው፣ አጥንቱን በጨርቅ ጠቅልዬ መምህር ጭን ላይ አስቀመጥኩት። ፈታው። መጀመሪያ ዝም ብሎ በሁለት እጁ ያዘው፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ ከላይ ወደ ታች ሄደ። ትከሻው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ ተሰብራለች» አለ።

አልነገርኩትም ነበር። ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ አሁንም ይዞት ነበር። ሦስተኛው ሊቀዳ ሲል፣ ሰኞ ወደ ክፍል ይዤው ልሂድ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።